ኮምፒውተሬ አልተጠመቀችም ያላት ሙሽራ

እኔ ብዙ የማልናገር ሰው ነኝ። ሱቄ የሚመጣ ደንበኛ ስልኩን ዘርግቶ «ይሠራል?» ሲለኝ አየት አድርጌ «ይሠራል» ወይም «አይሠራም» እላለሁ፤ በዚያው እንለያያለን። ዛሬ ግን ስለ አንድ ጥፋቴ ረዘም አድርጌ ላወጋችሁ ነው። ሌላ ሰው ከነገራችሁ አሳንሶ ይነግራችኋል። ጥፋቴ እንዲያንስብኝ ደግሞ አልፈልግም፤ ብዙ ደክሜበታለሁ።

ሱቄ ደብረ ማርቆስ ውስጥ ናት፤ አንድ በር፣ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ማተሚያ። ስልክ እጠግናለሁ፣ ማመልከቻ እተይባለሁ፣ ፎቶ ኮፒ አነሳለሁ። ፕሮግራም መጻፍ ያስተማረኝ ሰው የለም፤ ራሴን በራሴ ነው ያስተማርኩት። ይህን ለዓመታት በኩራት ሳወራ ኖሬአለሁ። አሁን ግን ነገሩ የተነሳ እንደሆነ፣ በአስተማሪዬ ላይ ቅሬታ አለኝ እላለሁ።

ነገሩን ያመጡብኝ አቶ ሞላ ናቸው። አምበር አጠገብ ያለች የአንዲት ደብር የሰበካ ጉባኤ ምክትል ሊቀ መንበር ናቸው። ዘመናዊ ሰው ናቸው። ዘመናዊነታቸው የሚታወቀው ከብብታቸው በማትለይ የፕላስቲክ ማኅደር ነው፤ ውስጧ ምን እንዳለ እስከ ዛሬ ያየ የለም።

«የክርስትና መዝገባችንን ኮምፒውተር ውስጥ አስገባልን» አሉኝ። «ሰው ማስረጃ በፈለገ ቁጥር መሪጌታ ጥበቡ ግማሽ ቀን ገጽ ሲያገላብጡ ይውላሉ። ዘመኑ እኮ ቁልፍ ተጭኖ ማውጣት ነው!»

መሪጌታ ጥበቡ መዝገቡን ከጎልማሳነታቸው ጀምረው የጻፉት አረጋዊ ናቸው። መዝገቡን ገልጬ ሳየው እጅ ጽሑፋቸው እንደ ተለቀመ ጤፍ ያምራል። ቀኑ ግን በቁጥር አልተጻፈም። «በዘመነ ሉቃስ፣ በወርኃ ሰኔ፣ በሚካኤል ዕለት» ይላል እንጂ ስንት ዓመተ ምሕረት እንደነበረ የሚናገር አንድም ገጽ የለም። ለእርሳቸው ምን ያደርግላቸዋል? አራቱ ወንጌላውያን በየዓመቱ እየተፈራረቁ ይመጣሉ፤ መዝገቡ የተጻፈው በተራ ነው፤ ገጹን ያየ የትኛው ሉቃስ እንደሆነ ያውቃል።

ኮምፒውተር ለቀን የሚሆን የራሱ የተዘጋጀ የመረጃ ዓይነት፣ ማለትም ቀኑ የሚሞላበት ቅርጽ፣ አለው። ይህ ዓይነት ግን አሥራ ሦስተኛ ወር መኖሩን አልሰማም። ጳጉሜን ሦስት ብላችሁ ስትጽፉለት ተሳስታችኋል ይላችኋል። ጳጉሜን ላይ ክርስትና የተነሳ ሕፃን በእርሱ ዘንድ ውኃ አልነካውም። ናቅሁት። በአንድ የኢንተርኔት ቡድን ውስጥ ጠይቄ አንዱ «ምን አደከመህ፣ ዝም ብለህ በጽሑፍ አስቀምጠው» ብሎ መከረኝ። እሱንም ናቅሁት። ቀንን ከሰላምታ የማይለይ ሰው ለምን ምክር እንደሚሰጥ አይገባኝም።

ስለዚህ የራሴን ዓይነት ሠራሁ። ስሙን «የደብር ቀን» አልኩት። ወንጌላዊ፣ ወር፣ ዕለት። የወሩን ሠላሳ ዕለታት ከነበዓላቸው አስገባሁ። ጳጉሜን ስድስትን በዘመነ ሉቃስ ብቻ እንዲቀበል፣ በሌላው ዘመን የጻፈበትን ሰው እንዲገሥጽ አደረግሁ። ይህን ማንም አልጠየቀኝም።

ከዚያ ማውጫ መጣ። የሙያው ሰዎች ኢንዴክስ ይሉታል። ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ሰው ፍለጋ መንገድ ወጥታችኋል እንበል። በየመገንጠያው አንድ ሰው ቆሞ «የምትፈልገው ሰው ከእኔ ይቀድማል ወይስ ይከተላል?» ይላችኋል። ይቀድማል ካላችሁ በግራ፣ ይከተላል ካላችሁ በቀኝ ይሰዳችኋል። አሥር አሥራ ሁለት መገንጠያ አልፋችሁ፣ ከሺህ ሰው መካከል የምትፈልጉት ደጃፍ ላይ ትደርሳላችሁ። ዓይነቱ የተዘጋጀ ከሆነ ማን ማንን እንደሚቀድም ኮምፒውተሩ ራሱ ያውቃል። የራሳችሁን ዓይነት ከሠራችሁ ግን ነጋሪዎቹ እናንተ ናችሁ። የነገራችሁትንም ያምናል። እንዴት ነው ነገሩ ብሎ አይጠይቅም። እንዲህ ያለ ታዛዥ አይስጣችሁ።

ነገርኩት። ማቴዎስ ማርቆስን ይቀድማል። ማርቆስ ሉቃስን ይቀድማል። ሉቃስ ዮሐንስን ይቀድማል። ሰነፍ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ አቁሞ በሰላም ይኖር ነበር። እኔ ግን ጠንቃቃ ነኝ። ከዮሐንስ ቀጥሎ የሚመጣው ማን ነው? መስከረም አንድ ቀን ዮሐንስ ዘመኑን ለማን ያስረክባል? ለማቴዎስ! ስለዚህ «ዮሐንስ ማቴዎስን ይቀድማል» ብዬ ጨመርኩ። ይህች መሥመር ስታልቅ ወንበሬን ወደ ኋላ ለጠጥ አድርጌ ከጎረቤት ሻይ አዘዝኩ። ስኳር ሁለት።

መዝገቡን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሬ ለመተየብ ሁለት ወር ፈጀብኝ። ሦስት ሺህ ገደማ ሰው ነው። ሲያልቅ ኮምፒውተሩን ደብሩ ጽሕፈት ቤት አስቀመጥኩና አቶ ሞላ የራሳቸውን ቀን ነገሩኝ፦ ዘመነ ማርቆስ፣ ኅዳር፣ የጽዮን ዕለት። ተጫንኩ። ወጡ።

«አያችሁ!» አሉ ቢሮው ውስጥ ወዳሉት ዞረው። «ተጠምቄአለሁ!» የተጠራጠረ ሰው ያለ ነበር የሚመስለው።

በዚያው ሰሞን አቶ ሞላ ሁለት ነገር ወሰኑ። አንደኛ፣ አሮጌው መዝገብ ሥራ ስላበቃ ጥራዙ እንዲታደስ ዲማ ላሉ ደጓሾች ይላክ። ሁለተኛ፣ መሪጌታ ጥበቡ ይረፉ። መዝገቡ ሄደ። መሪጌታ ግን አላረፉም፤ በየቀኑ እየመጡ ከመስኮቱ ሥር ያለች አግዳሚ ላይ ተቀምጠው በከዘራቸው ወለሉን መታ መታ ያደርጋሉ። ኮምፒውተሩን አንድ ቀን እንኳ ዞር ብለው አላዩትም።

ከዚያ ያች ዓርብ መጣች። አቶ ሞላ ደወሉልኝ።

«አንዲት ልጅ አልተጠመቀችም አለን» አሉ።

«ማን ነው ያላችሁ?»

«ኮምፒውተርህ ነዋ!»

ሚኒባስ ተሳፍሬ አምበር ወረድኩ። ልጅቱ ጥሩወርቅ ትባላለች። አምበር ወፍጮ ቤት ሚዛን ላይ የምትሠራ የሃያ አምስት ዓመት ልጅ ናት፤ ሰው ሲያታልል ከዓይኑ ታውቀዋለች ይባላል። እሑድ ቅበላ ነው፤ ሰኞ ዐቢይ ጾም ይገባል። ሠርጓ እሑድ ነው፣ በተክሊል። የደብሩ አስተዳዳሪ ደግሞ ከሌላ አገር በቅርብ የተዛወሩ ሰው ስለሆኑ «የክርስትና ማስረጃ በማኅተም ካላየሁ ተክሊል አልፈጽምም» ብለዋል። እሑድ ካለፈ ነገሩ ከፋሲካ ማዶ ነው። ሙሽራው ደግሞ የጭነት መኪና ነጂ ነው፤ ከፋሲካ በኋላ የት አገር እንደሚውል እሱም አያውቅ።

ተጫንኩ። ዘመነ ሉቃስ፣ ሰኔ፣ የሚካኤል ዕለት። ኮምፒውተሩ እኔው ራሴ በቀይ ቀለም የጻፍኩለትን ቃል አወጣ፦ «እንዲህ ያለ ሰው በመዝገቡ አልተገኘም።»

ጥሩወርቅ ከትከሻዬ በላይ አነበበችው። «እንዲህ ያለ ሰው? እንዴት ያለ ሰው?»

«አባባል ነው» አልኩ።

«ዕለቱን እርግጠኛ ነሽ?» አሉ አቶ ሞላ።

«ጋሼ፣ የሰማንያ ቀን ልጅ ነበርኩ፤ ምኑን ላስታውሰው? እናቴ ናት የምትለው። በየዓመቱ ሰኔ ሚካኤል ዝክር ታወጣለች። እርስዎም በልተዋል።»

«የለም ካለ እንግዲህ የለም ነው። ይህ ዕቃ አይዋሽም፤ እኔን ወዲያው ነው ያወጣኝ።» ማኅደራቸውን ከአንዱ ብብት ወደ ሌላው አዛወሩ። «ለምን ነገ ጠዋት በጸጥታ አትጠመቂም?»

አግዳሚው ላይ የከዘራው ድምፅ ቆመ።

«አቶ ሞላ» አሉ መሪጌታ፣ «ጥምቀት አንዲት ናት። በኮምፒውተር ትእዛዝ ሁለት አትሆንም።»

«እንግዲያው የኔታ፣ እርስዎ ይመስክሩላት!»

«ሦስት ሺህ ሕፃን ጽፌአለሁ። ሁሉም ያለቅሳል፤ ሁሉም ይመሳሰላል። መጻፌን አውቃለሁ፤ እሷን መጻፌን መዝገቡን ሳላይ አልምልም።»

ጥሩወርቅ ነጠላዋን አጥብቃ አጣፋች። «ጉድ እኮ ነው! በሬው ተገዝቷል፣ ድንኳኑ ተተክሏል፣ ጠላው ተጠምቋል። ያልተጠመቅሁ እኔ ብቻ!»

ሰው ሁሉ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። እኔም አልሳቅሁም፤ ወደ እኔ ነበር የምታየው።

ዲማ ደወልን። ደጓሹ ሰውዬ ደስ ብሎት «ኧረ በደንብ ይዘነዋል! ጥራዙን ፈትተን ቅጠል በቅጠል አየር እንዲያገኝ ዘርግተነዋል። ሰኞ ማክሰኞ መልሰን እንሰፋዋለን» አለ። ሉቃስ የቱ ጋ እንዳለ ስንጠይቀው «ሁሉም ደኅና ናቸው» አለን።

ያን ጊዜ የሙያው ሰዎች ሁሉ ሲጨንቃቸው የሚያደርጉትን አደረግሁ። ማውጫውን አፍርሼ እንደገና እንዲሠራ አዘዝኩ። ይህ በሽታውን ሳያውቁ ጸበል እንደመርጨት ነው፤ ቢያንስ እጅህ ሥራ አይፈታም። ሠራ። ጥሩወርቅን ፈለግሁ። «እንዲህ ያለ ሰው በመዝገቡ አልተገኘም።»

«እስቲ እኔን ደግመህ እየኝ» አሉ አቶ ሞላ፣ ልጅቱን ለማሳፈር ይመስለኛል።

ዘመነ ማርቆስ፣ ኅዳር፣ የጽዮን ዕለት። ተጫንኩ።

«እንዲህ ያለ ሰው በመዝገቡ አልተገኘም።»

አቶ ሞላ መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ አደረጉ፤ ቀዩ ጽሑፍ አልሄደም።

«እንኳን ደኅና መጡ ጋሼ» አለች ጥሩወርቅ። «ይቀመጡ። ነገ ጠዋት በጸጥታ አብረን እንጠመቃለን።»

«ድሮም ብያለሁ!» አሉ አቶ ሞላ ወደ እኔ ዞረው። «ኮምፒውተር ምን ያውቃል! የፈረንጅ ዕቃ!»

ወሬው ከቅጥር ግቢው ለመውጣት የአንድ ጸሎት ያህል ጊዜ እንኳ አልፈጀም። ቅዳሜ ጠዋት ስደርስ ከጽሕፈት ቤቱ መስኮት ውጭ ሰው ተሰልፎ አገኘሁ። «እኔንም እየኝ!» ይላል ሁሉም። አንዱ ገበሬ መዝገቡ ውስጥ ተገኘና እጁን ወደ ሰማይ ዘረጋ። ቀጥሎ ሚስቱ ተፈለገች፤ አልተገኘችም። «አያ፣ እንዲያው ዝም ብለህ ነው ከአረመኔ ጋር የኖርከው!» ብለው ሳቁበት። እሷ ግን አልሳቀችም፤ ልጇን በአንቀልባ አዝላ ከወገቧ ቀና ብላ «አምስት ልጅ ክርስትና አስነሥቻለሁ፤ የእኔን ማን በላው?» አለችኝ። የእኔ ሥራ ነበር እንዲህ ያለች ሴት ፊት ያቆመኝ። በሁለት ወር ውስጥ የደብሩን ምእመናን ግማሽ ያህል ከክርስትና አስወጥቻለሁ። ይህን ያህል በጥቂት መሥመር የሠራ ሰው መኖሩን አላውቅም።

የሚያናድደው፣ ቁጥራቸው ሙሉ ነው። ስንት ሰው አለ ብዬ ስጠይቀው ኮምፒውተሩ አንድም ሳያጎድል ይቆጥርልኛል። ሁሉም ውስጥ አሉ። መንገዱ ነው የማያደርሳቸው። ለምን እንደማያደርሳቸው ግን አላውቅም። ኮዴን መሥመር በመሥመር አነበብኩት፤ ጳጉሜን ስድስት እንኳ በትክክል ትገሥጻለች።

ጥሩወርቅ ከትላንት ጀምሮ አልሄደችም ለማለት ይቻላል። እጇን አጣምራ በሩ ላይ ቆማለች። ቤቷ ውስጥ ሰው ሽንኩርት እየከተፈ ነው፤ ስልኳ በየደቂቃው ይጮኻል፤ አታነሳውም።

«ወንድሜ» አለችኝ ቀስ ብላ፣ «እውነቱን ንገረኝና ልሂድ። እኔ ሚዛኑ ሲበላሽ ለሰው ተበላሽቷል ብዬ እነግረዋለሁ እንጂ አላቆመውም። ነገሬ አልቋል በለኝ፤ ለእናቴ እኔ እነግራታለሁ።»

ያን ጊዜ ከአግዳሚው ላይ ድምፅ መጣ።

«አንተ ልጅ፣ ያ ዕቃህ ሰውን የሚፈልገው በምን ነው?» አሉ መሪጌታ።

የመገንጠያዎቹን ነገር ነገርኳቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝ፤ ተማሪ ትምህርቱን ሲያሰማቸው እንደሚያደርጉት።

«ማን ማንን ይቀድማል አልከው?»

«ማቴዎስ ማርቆስን።»

«ደግ።»

«ማርቆስ ሉቃስን፣ ሉቃስ ዮሐንስን።»

«ደግ።»

«ዮሐንስ ደግሞ ማቴዎስን።»

ዓይናቸውን ገለጡ። «በሬዎች አውድማ ላይ ሲያበራዩ አይተህ ታውቃለህ?»

«አዎ የኔታ።»

«እየዞሩ ሳለ ፊተኛው የቱ ነው?»

«ኧረ የኔታ፣ የሚዞር ነገር…»

«የቱ ነው?»

«ፊተኛ የለውም።»

«ታዲያ አንተ በየመገንጠያው ሰው አቁመህ ፊተኛውን ጠይቅ ትለዋለህ። ማቴዎስን ሲፈልግ ማርቆስ ጋ ቢደርስ ይቀድማል ብለህ በግራ፣ ዮሐንስ ጋ ቢደርስ ይከተላል ብለህ በቀኝ ትሰደዋለህ። የትኛውን ይመን? እንዲህ ከሆነ ሞኙ ማን ነው፣ በሬው?»

ከዓርብ ጀምሮ ጥሩወርቅ ያን ጊዜ ገና ሳቀች። እኔ ወንበሬ ላይ አነስኩ። ያች ሻይ ያዘዝኩባት መሥመር! ማውጫው እንደገና ሲሠራ ተገኝተው የነበሩት አቶ ሞላ የጠፉትም በእሷ ነው። ባልጠነቀቅ ኖሮ፣ ሦስት መሥመር ብቻ ጽፌ ባንቀላፋ ኖሮ፣ ሰው ሁሉ በየቦታው ይገኝ ነበር።

«እርስዎ ግን እንዴት ነበር የሚያገኙት?» አልኳቸው።

«እኔማ ምን ዘዴ አለኝ? ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሬ አነባለሁ።»

ጆሮዬ ጋለ። ኮምፒውተርም እኮ ይህን ያውቃል። ማውጫውን ትተህ ሁሉንም ከላይ እስከ ታች አንብብ ከተባለ ያነባል። ሦስት ሺህ ሰው ማለት ለእርሱ ምንም ማለት ነው፤ መሪጌታ ከዘራቸውን አንድ ጊዜ መታ ሳያደርጉ ጨርሶታል። ሲጀመር ለሦስት ሺህ ሰው ማውጫ የሚባል ነገር ራሱ አያስፈልግም ነበር። እኔ ለአንዲት የገጠር ደብር የአገር ሕዝብ የሚበቃ የመንገድ አውታር ዘርግቼ፣ አውታሩን ቀለበት አድርጌ፣ ሙሽራ አስገብቼ ቆልፌባታለሁ።

ማውጫውን አጠፋሁት። ከላይ እስከ ታች አንብብ አልኩት። ጣቴን ከቁልፉ ሳላነሳ ወጣች፦ ጥሩወርቅ፣ ዘመነ ሉቃስ፣ ሰኔ፣ የሚካኤል ዕለት፤ ከክርስትና ስሟና ከክርስትና እናቷ ጋር።

ጥሩወርቅ ጎንበስ ብላ ፊደል በፊደል አነበበችው። ከዚያ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ወደ ግድግዳው ዞረች። ስትመለስ ዓይኗ ቀልቶ ነበር፤ ድምፅዋ ግን የወፍጮ ቤቱ ድምፅ ነበር።

«አትመው» አለችኝ። «ሁለት ቅጂ። አንዱን ቀብሬ አስቀምጠዋለሁ።»

እሷ ማኅተም አስመትታ እየሮጠች ስትሄድ እኔ ከመሪጌታ አጠገብ ተቀመጥኩ። ነገሩን አስተማሩኝ። ወንጌላዊው የዓመቱ መጠሪያ ነው እንጂ ተራው አይደለም፤ ተራው ከዓለም ፍጥረት ጀምሮ የሚቆጠረው ዓመተ ዓለም ነው። እርሱ ወደ ፊት ብቻ ይሄዳል፣ አይዞርም። ለአራት ሲካፈል የሚተርፈው ነው ወንጌላዊውን የሚሰጥህ። የመጀመሪያውን ገጽ ዓመት ነገሩኝ፤ የቀረውን ኮምፒውተሩ በመዝገቡ ተራ ቆጠረው። ዓይነቴን አስተካከልኩ፣ ማውጫውንም ከእልኽ የተነሳ መልሼ ሠራሁት። ሰው ሁሉ ተገኘ። ያች አምስት ልጅ ክርስትና ያስነሣች ሴት ተገኘች። አቶ ሞላም ተገኙ።

«ድሮም ብያለሁ» አሉ ማኅደራቸውን ደረታቸው ላይ አስደግፈው። «ይህ ዕቃ አይዋሽም።»

እሑድ ሠርጉ ላይ ተጠርቼ ከኋላ ቆምኩ። ተክሊሉ ተፈጸመ። መሪጌታ ወደ ሥራቸው ተመልሰው ስለነበር የጋብቻውን መዝገብ ዘርግተው በዚያ በተለቀመ እጃቸው ጻፉ፦ «በዘመነ ማቴዎስ፣ በወርኃ የካቲት…» ዕለቱን ጨመሩ፣ ነጥቡን አሳረፉ፣ መዝገቡን ሊከድኑ አሉ።

ዝም ማለት ነበረብኝ። አልቻልኩም።

«የኔታ» አልኩ፣ «የትኛው ማቴዎስ?»

ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ።

«ይኸኛው ነዋ!»

«ይጻፉለት የኔታ» አለች ጥሩወርቅ ከአክሊሏ ሥር። «አለዚያ ከርሞ አላገባሽም ይለኛል።»

ሰው ሳቀ። መሪጌታ እየተነፈሱ መዝገቡን መልሰው ገለጡ፣ ብዕሩን አነሡ፣ ከ«ማቴዎስ» ጎን አክለው ጻፉ። «ይኸው፣ ዓመተ ዓለሙ። ደስ ይበልህ» ብለው ወደ እኔ አዞሩልኝ።

፸፭፻፲፯ ይላል።

ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለው የእኔ «የደብር ቀን» የግዕዝ ቁጥር አያውቅም። ይህን ግን እዚያ አልተናገርኩም። ብዙ የማልናገር ሰው ነኝ።